ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ

ስልሳ ሦስት ቁጥር መዝሙር ሲዘመር ጉባኤው ሦስተኛውን ስንኝ ይጨርስና ዝም ይላል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ረጋ ብሎ እስከ አራት የሚቆጠርበትን ያህል ነው። በዚያች መሃል ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ሽማግሌው ይደፋል፣ ሕፃኑ ይደፋል፣ በር ላይ ቆሞ ስልኩን የሚነካካው ሰውም ይደፋል። ከዚያ ማንም ሳይመራቸው አራተኛውን ስንኝ እኩል ያነሡታል። እንግዳ የመጣ ቀን ብቻ አንድ ድምፅ ቀድሞ ያመልጥና ባለቤቱ አፍሮ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

የመጀመሪያው ግጥም እንዲህ ይላል፦

ያዝልኝ ያንን ጫፍ፣ ይኸኛውን ይዣለሁ፤
ሰፊ ነው የዛሬው ቀን፣ ብቻዬን መች እችላለሁ፤
አንተ ስትመጣልኝ፣ እኔም እመጣለሁ፤
መሃል ላይ ስንገናኝ፣ ያኔ አርፋለሁ።

እዚያች ቦታ ላይ ለምን ዝም እንደሚባል የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ መዝሙሩን የደረሱት መጋቢ እዚያ ሲደርሱ እንባ ስለቀደማቸው ነው ይላል። ሌላው በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ ሆስፒታል የሞቱትን ለማሰብ ነው ይላል። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ መዝሙሩ የመጋቢው ነው። መጽሐፉ ላይ ስማቸው ከሥሩ ታትሟል፤ የመቃብራቸው ድንጋይ ላይም የመጀመሪያው ስንኝ ተቀርጿል።

የመጋቢው የልጅ ልጅ ከትምህርት የተመለሰው እሳቸው በሞቱ በአራተኛው ዓመት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ተቀምጦ የሙዚቃ ታሪክ አጥንቷል፤ ሦስት ከተማ ቀያይሯል፤ የመጨረሻውን የምርምር ጽሑፉን ግን ሳይጨርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ለምን እንዳልጨረሰ ሲጠየቅ በየቀኑ የተለየ ምክንያት ስለሚሰጥ ሰዉ መጠየቁን ተወ፤ መዘምራኑም «ፕሮፌሰር» ብለው ስም አወጡለት። ሲጀመር ለሹፈት ነበር። እየቆየ ግን ስሙ ሆኖ ቀረና እናቱ እንኳ አንዳንዴ «ፕሮፌሰር፣ ሽንኩርት አልቋል» ትለው ጀመር። አሁንም ያምን እንደሆነ የሚጠይቁት ነበሩ። «ስዘምር አምናለሁ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ እውነቱም ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷን መጋቢውን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ፣ የቀበረችውም እሷ ናት። ፕሮፌሰሩ ለቀብሩ አልመጣም፤ ፈተና ደርሶብኛል ብሎ ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም፤ የከበደውም ይኸው ነው። ሲመለስ አቅፋ ሳመችው፣ አልጋ አነጠፈችለት፣ የወደደውን አበላችው፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ማንም የማይቀመጥበት ወንበር የተቀመጠ ይመስል ነበር። ማታ ማታ ስለ ዚፕና ስለ ክር ያወራሉ፤ ስለ አያቱ ግን ወሬ ከተነሣ እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

የመዝሙር መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው የተባለው በዚህ መሃል ነበር። በእያንዳንዱ መዝሙር ሥር ስለ አመጣጡ ስድስት ስድስት መስመር ታሪክ እንዲገባ ኮሚቴው ወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፋርማሲስቱ ነው፤ የፕሮፌሰሩ አብሮ አደግ፣ መድኃኒት ሲሰጥም ጸሎት ሲመራም «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» በሚል ድምፅ የሚናገር ሰው። ሥራውን ለማን እንስጥ ሲባል ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሥራ ፈቶ ከተማውን የሚዞር የሙዚቃ ሊቅ አለን፣ እሱ ይጻፈው አለ። እናቱ ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን ጎማ በመዳፏ አቆመች።

«የአባዬን ደህና አድርገህ ጻፍልኝ» አለችው። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

የሚያስታርቀው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ቤተ መጻሕፍት ገባ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሽማግሌዎችን አነጋገረ። አንዱ መዝሙር ከመርከበኞች ዘፈን የተወሰደ ሆኖ አገኘው፤ ሌላው ሦስት ደራሲ ነበረው፣ ሦስቱም ልጆች አሏቸው፣ ልጆቹም አይነጋገሩም። እንዲህ ያለው ነገር ያስደስተዋል። አንድን ታሪክ ከሥሩ ነቅንቆ ሲያንቀሳቅሰው በልጅነቱ የሚነቃነቅ ጥርሱን በምላሱ ይገፋው የነበረውን ስሜት ይሰጠዋል። ስልሳ ሦስትን ለመጨረሻ አስቀመጠው፤ የቤቱ ስለሆነ ቀላል ነው ብሎ። ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን የሚረከበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኞ ዕለት እናቱ የአያቱን ማስታወሻ ደብተር ከቁም ሣጥን አውጥታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ሰጠችው።

መጋቢው ሲጽፉ የሚሰርዙ ሰው ነበሩ። ደብተሩ በሙሉ የተሰረዘ ነው፤ አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ሌላ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ይመልሱታል። ለገበያ የሚገዛ ዕቃ ሲዘረዝሩ እንኳ ሰርዘዋል። የስልሳ ሦስት ቁጥር መዝሙር ገጽ ግን ንጹሕ ነው። ሁለቱ ግጥሞች በአንድ እስትንፋስ የተጻፉ ናቸው፤ አንድም ቦታ ብዕሩ አልተመለሰም። ሦስተኛው ግጥም ጋ ሲደርስ ያው የድሮው ሰውዬ ብቅ ይላሉ፤ ስድስት ጊዜ ተሰርዟል። በገጹ ጥግ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት «ሐሙስ። ከልብስ ማጠቢያው መስኮት ሥር» ይላል።

ፕሮፌሰሩ ገጹን አገላብጦ አየው። እናቱን ሲጠይቃት፣ መጋቢው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሙቀት ስላለው በብርድ ቀን እዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው ያስቡ እንደነበር ነገረችው። ነገሩ ይመስላል። ግን ከአያቱ እጅ ያልተሰረዘ ነገር ሲወጣ አይቶ ስለማያውቅ ሆዱ አላመነም። ትቶት መጻፍ ይችል ነበር፤ ስድስት መስመር ነው። ትቶ መተኛት ቢያውቅበት ኖሮ ሦስት ከተማ ባልቀያየረ።

ማክሰኞ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ልብስ ማጠቢያው አሁን በማሽን ነው፤ ክብ በር ያላቸው ትልልቅ ማሽኖች እያጉረመረሙ የአልጋ ልብስ ያሽከረክራሉ። ኃላፊው ከድሮዎቹ ሠራተኞች በሕይወት ያሉት አንዲት ሴት ብቻ እንደሆኑ ነገረው። «እማማ ጠርዝ ብለህ ጠይቅ» አለው። ስሙ የወጣላቸው የታጠፈ አንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ቁልሉን በሙሉ ስለሚንዱት ነው። ልጃቸው ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ የምታጥብበት ቤት አላት፤ ሰማንያ አልፏቸው እንኳ እዚያ ገብተው ያጥፋሉ፣ ተይ ቢሏቸው አይሰሙም አለው።

አገኛቸው። ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮበታል፣ ከሥሩ የደረቀ አንሶላ በቅርጫት ተከምሯል። እማማ ጠርዝ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ እጃቸው ግን ከዕድሜያቸው ሃያ ዓመት የሚያንስ ሴት ናቸው። በዚያች ሰዓት አብሯቸው የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ሰላምታውን ሳይጨርስ የአንሶላ ጫፍ አቀበሉት።

«መቆምህ ካልቀረ ያዝ» አሉት። «በጣትህ አይደለም፤ ዶሮ ልታርድ ነው እንዴ? በመዳፍህ።»

የማን ልጅ እንደሆነ ሲነግራቸው ቀና ብለው አዩት። መጋቢው በጎ ሰው እንደነበሩ ተናገሩ፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም፣ ያላቸው ስለመሰላቸው ብቻ ጥሩ ይዘምሩ ነበር አሉ። ፕሮፌሰሩ ሳቁን ዋጠ። እሳቸው አንሶላውን ወጠር አድርገው፣ ለእሱ ሳይሆን ለእጃቸው ያህል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማዜም ጀመሩ። ስልሳ ሦስት ነበር።

በመጀመሪያው ስንኝ ሁለቱ ጫፍ ይዘው ወጠሩ። በሁለተኛው አራገፉት፤ አንሶላው በሁለቱ መሃል አንድ ጊዜ ነፋስ ሞልቶ ወረደ። በሦስተኛው በቁመቱ ለሁለት አጠፉት። ከዚያ ዝምታው መጣ፤ ፕሮፌሰሩም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደው አንገቱን ደፋ። ደፍቶ እንዳለ የሆነ ነገር ግንባሩን መታው። አሮጊቷ አራት እርምጃ ተራምደው ጫፉን ሊያቀብሉት ደርሰው ኖሯል።

«አንገትህን ምን አስደፋህ?» አሉት። «ና እንጂ። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምመጣው?»

እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ እሱም ተራመደ፤ ሁለት እርምጃ እሱ፣ ሁለት እርምጃ እሳቸው፤ ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ «መሃል ላይ ስንገናኝ» የሚለው በትክክል እዚያች ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ጫፉን ተቀብለው እጥፉን በመዳፋቸው ዳበሱት። ፕሮፌሰሩ ባዶ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠናው ትምህርት በሙሉ ያላስተማረውን ነገር አንድ አንሶላ አስተማረው።

ሁለተኛ ቅርጫት እስኪያልቅ ድረስ ነገሩን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እያጠፉ መለሱለት። በዚያ ዘመን በቀን አራት መቶ አንሶላ በሁለት ሰው ይታጠፍ ነበር። ተቆጣጣሪዋ በሥራ ሰዓት ወሬ ከልክላለች፤ አንድ ቃል የተነፈሰ ተጽፎበት ከደመወዙ ይቆረጣል። በቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ውስጥ ግን መዝሙር መከልከል አልቻለችም። ስለዚህ እሳቸውና የሥራ ጓደኛቸው፣ ረጅሟ የሚሏት፣ የሚያወሩትን ሁሉ በመዝሙር ማውራት ጀመሩ። የራስ ምታትም፣ የአማት ነገርም፣ የተቆጣጣሪዋ ጫማ ድምፅም በዜማ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ይህችኛዋ ለእጥፉ ስለተስማማች ሌላው ተረስቶ እሷ ቀረች። የመጀመሪያውን ግጥም እማማ ጠርዝ አወጡ። ሁለተኛውን፣ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትን፣ ረጅሟ ናት ያወጣችው፤ ባሏ ግቢውን ተሻግሮ ያለው ክፍል ውስጥ ተኝቶ እሷ የሱን አንሶላ ስታጥፍ።

«ሦስተኛውስ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ሦስተኛው የአያትህ ነው። እሱ ሲዘመር እጄ ይተሳሰራል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ለሚዘምር ሰው ነው የተሠራው።»

ሊሄድ ሲነሣ እጁን ያዙት። መጽሐፉ እንደሚታተም ሰምተዋል። ረጅሟ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸውም ነገ የሉም። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፤ የሁለታቸውም፣ የረጅሟ ቀድሞ። «አልፈልግም ብል ደስ ይል ነበር፤ ሰው እንዲህ ሲል ያምርበታል» አሉት። «ግን እፈልጋለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካ ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለማግኘት ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። የቤቱን በር ሲከፍትና የስፌት መኪናውን ድምፅ ሲሰማ ግን ደስታው እንደ ውሃ ፈሶ ቀረ። እናቱ ለሚመጣው በዓል የመዘምራኑን ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። አየችውና ተገኘልህ ወይ አለችው። በማግስቱ ሊነግራት አሰበ፣ ከዚያ ሲያስበው በማግስቱ ደግሞ ሌላ ማግስት እንዳለው ታወቀውና እዚያው ቆሞ ነገራት። ምንም አልቀነሰም፤ መቀነስ አይችልበትም።

ቀስ ብላ መርፌውን ከጨርቁ አወጣች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሲፈልግህ አልነበርክም» አለች። «አሁን መጥተህ አባቴን ሌባ ታደርግልኛለህ።»

ሌባ አላልኩም ሊል ነበር፤ እሷ ግን የስፌት መኪናዋን ረገጠች። ረቡዕ ምሳውን በሳህን ሸፍና ጠረጴዛ ላይ ትታለት ወደ ደንበኛ ቤት ሄደች። ሐሙስም እንዲሁ። ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖ ይሮጥ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ፋርማሲስቱ ደወለ። ከስልሳ ሦስት በስተቀር ሁሉም ገጽ ተዘጋጅቷል፤ ምን ሆንክ አለው። ፕሮፌሰሩ ነገሩን በአጭሩ አወራለት። ፋርማሲስቱ እንደ አብሮ አደግ ሆኖ፣ እንዲተወው ለመነው። የድሮው ስም እንዳለ ይቆይ፤ አሮጊቷን በምስጋና ገጽ ላይ «ለሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ» ብለን እናስገባቸዋለን፤ እናትህንም አስብ አለው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ እስከ ቅዳሜ ስጠኝ አለና ስልኩን ዘጋ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ወረቀት ፊቱ አኖረ። የሴቶቹን ስም ሲጽፍ የእናቱ ጀርባ ይታየዋል፤ የአያቱን ሲጽፍ ደግሞ አሮጊቷ የያዙት እጁ ይሞቀዋል። እሱም እንደ አያቱ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ሰረዘ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ እናቱ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች፤ የእሑድ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ተነሥ» አለችው። «የት ናቸው ሴትዮዋ?»

በመንገድ ላይ አልተነጋገሩም። አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጫፏን እያሻሸች ሄደች። እማማ ጠርዝ ባዩዋት ጊዜ የማን ልጅ እንደሆነች ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም፤ አፍንጫዋ የመጋቢው ነው። ወንበር አመጡላት፤ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች። «መዝሙሩ የማን መሆኑን አባቴ ያውቅ ነበር?»

አሮጊቷ የያዙትን አንሶላ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ጣል አደረጉት። ያልቸኮለ መልስ ነበር የሰጧት። መጀመሪያ አያውቁም ነበር። በመስኮት ሰምተው፣ ገብተው፣ ከየት ተማራችሁት ብለው ጠየቁ። ረጅሟ፣ ተቆጣጣሪዋ በሥራ ሰዓት ግጥም ትገጥማላችሁ እንዳትል ፈርታ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የድሮ መዝሙር ነው አለቻቸው። አመኗት፤ ጻፉት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ስለወደዱትም ሦስተኛውን ግጥም ጨመሩበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲዘጋጅ አዘጋጆቹ ጽሕፈቱ የእሳቸው ስለሆነ ስማቸውን አደረጉበት።

«የታተመ ሰሞን መጽሐፉን ይዘው መጡ» አሉ እማማ ጠርዝ። «ስልሳ ሦስት ላይ ገልጠው ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ያኔ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ የትም አገር ጽፈው ጠይቀው የሚያውቀው ሰው አጥተዋል። ቆሙ። ረጅሟ፣ ጥሩ ታትሟል አለቻቸው። እንድንናገር የመጡ ይመስለኛል። እኛ ደግሞ እሳቸው እስኪናገሩ ጠበቅን። ከዚያ መጽሐፉን ይዘው ሄዱ።»

«ምንም ሳይል?»

«ምንም። እኛም ምንም አላልንም።»

«እናንተ እንጀራችሁን ፈርታችሁ ነው» አለች እናቱ። «እሱ ምን ፈርቶ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። አባትሽ ናቸው።»

 ከጓሮ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ የአሮጊቷ ልጅ የምታጥብበት። እናቱ ዓይኗን ከአሮጊቷ አንሥታ ቅርጫቱ ላይ ጣለች። የዕድሜዋን ግማሽ ጨርቅ ስትነካ የኖረች ሴት ናት፤ እጅ ዝም ብሎ አይቆምም። አንሶላውን አነሣች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ጠርዙ በደንብ አልተሰፋም አለች። የማረፊያው ባለቤት ገብጋባ ስለሆነ ነው አሉ እማማ ጠርዝ፣ እና ሌላውን ጫፍ ያዙ።

ማን ቀድሞ እንደጀመረ ፕሮፌሰሩ በኋላም እርግጠኛ አልነበረም። ወጠሩት፣ አራገፉት፣ ለሁለት አጠፉት። የእናቱ ድምፅ ወፍራም ነው፤ የአሮጊቷ የቀጠነ። ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። እናቱ አንገቷን አልደፋችም፤ ማንን እንደምታገኝ ማየት ነበረባት። ተራመደች። መሃል ላይ ተገናኙ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። አሮጊቷ አንዴ አዩትና ምንም ሳያስተካክሉ ቁልሉ ላይ አስቀመጡት፤ ይህ ከእሳቸው ትልቅ ምስጋና መሆኑን ፕሮፌሰሩ አወቀ። እናቱ ሌላ አንሶላ አነሣች። ቅርጫቱ ግማሽ ሲሆን እሷ ፊቷን ሳትመልስ፣

«ወረቀት ይዘሃል?» አለችው።

በቅርጫቱ ክዳን ላይ ጻፈው። ሁለቱን ስሞች ከነአባታቸው፣ የረጅሟን አስቀድሞ። የት እንደሠሩ፣ ምን ሲሠሩ እንዳወጡት፣ ዝምታው የእርምጃ ጊዜ መሆኑን። ሦስተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ እናቱ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች።

«እሱ የአባቴ ነው። እሱን ማንም አይነካብኝም።»

«ማን ሊነካው» አሉ እማማ ጠርዝ። «የሚፈልገው የለም።»

እናቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቅ ቀደማት። ሳቁ ቶሎ አላቆመም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ በአንሶላው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አሮጊቷም የታጠበ ነው እኮ ብለው ቀሟት። ሲረጋጋላት ስንት መስመር ሆነ አለች። ስድስት ሞልቷል አላት።

«ሰባተኛ ጨምር። የማን እንደሆነ እያወቀ ዝም አለ በል።»

አሮጊቷ ይህስ ይቅር አሉ። እናቱ አይቀርም አለች። ትንሽ ተሟገቱ፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ሁለቱም ሳይለቁ፣ የአንድ ጨርቅ ሁለት ጫፍ ይዘው የሚጎትቱ ይመስል። በመጨረሻ ሰባተኛው መስመር እንዲህ ሆነ፦ «ይህን የሚያውቁት መጋቢውና ሁለቱ ሴቶች ሳይናገሩ ኖሩ።» መጋቢው እንዲቀድሙ ያለችው እናቱ ናት።

ፕሮፌሰሩ እዚያው ለፋርማሲስቱ ደውሎ አነበበለት። ፋርማሲስቱ አዳመጠ፤ ተነፈሰ። 

«ሰባት መስመር ነው» አለ። «ሌላው ሁሉ ስድስት ስድስት ነው። ማተሚያ ቤቱ አይቀበለንም።»

እናቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። «ፊደሉን ያሳንሱት» አለችው። «መነጽር አላቸው፤ ያነባሉ።»

«እሺ እትዬ» አለ ፋርማሲስቱ።

ሲወጡ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰው ተሰልፏል። እናቱ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አድርጋ፣ የእሑድ ጫማዋ ስለጠበባት አንዱን እግሯን ከተረከዙ አወጣ አደረገችው። እሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ቃል እየመረጠ ነበር፤ ስለ መዝሙሩ ይሁን ስለ ቀብሩ ገና አልለየም።

«አባቴ ፈሪ ነበር» አለች፣ እንደዋዛ። «አታውቀውም አይደል? ውሻ ይፈራል። ስብከት ሲኖርበት ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን ያመዋል። ጉባኤ ፊት ቆሞ ግን እንደ አንበሳ ነው።»

አላውቅም አላት። አያቱን የሚያውቀው ጉባኤ ፊት ቆመው ሲሰብኩና ወንበር ላይ ሆነው ሲሰርዙ ነው። እሷም ነገረችው። በመጨረሻው ዓመት ዶክተሩ ሲመጣ እንቅልፍ የወሰዳቸው እንዲመስል ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እጇን ይዘው የልጅ ልጃቸው መቼ እንደሚመጣ ጠየቋት፤ ፈተናውን ሲጨርስ አለቻቸው፤ እሳቸውም ይጨርስ፣ አትቸኩሉበት፣ እኔም ፈተና እፈራ ነበር አሏት። የቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር፤ የመዘምራኑ ወረቀት ራሰባቸውና በቃላቸው ዘመሩ፤ እሷ ግን አብራ መዘመር አልቻለችም።

አውቶቡሱ መጣ። ሞልቶ ነበር፤ ሰዉ እየተጋፋ ይወጣል። ፕሮፌሰሩ ክንዷን ያዘ፣ እንግባ ወይ በሚል ዓይን አያት። እሷ እጇን አወዛውዛ አውቶቡሱን አሳለፈችው፣ ሌላኛውንም ጫማ አወጣ አደረገች፣ ወሬዋንም ካቆመችበት ቀጠለች።